ቡናችን ያለበትን ነጥብ በስልክ ሲወስዱ አባቴ የጠየቀኝ ጥያቄ

የጎማዋ — ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

አሰላሙ አለይኩም፤ ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ግን ሳልጽፈው መተኛት አልቻልኩም።

ለቡና ለቀማ ጎማ ወረዳ ቤተሰብ ጋ ሰንብቼ ትናንት ወደ ጅማ ተመለስኩ። አባቴ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ቡናው አንድ ሄክታር አይሞላም፤ አያቴ ከሳሳና ከዋንዛ ጥላ ሥር የተከለው ነው። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ስልክ ይዘው መጡ። ማሳው መሀል ቆመው ቦታው የት እንዳለ የሚያሳይ ነጥብ (ጂፒኤስ) ወሰዱ፣ ስሙን መዘገቡ፣ ፎቶ አነሱት። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «አውሮፓ የሚገዛው ቡና ደን ተጨፍጭፎ ያልተመረተ መሆኑን ማወቅ ስለሚፈልግ ነው አባባ፤ የዓለም አየር እየሞቀ ነው» አሉት። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፣ በእነሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቡና አፍልተን ሸኘናቸው።

ማታ ከራት በኋላ አባቴ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ይሄን ዛፍ እኔ አልቆረጥኩም። አባቴም አልቆረጠውም። ታዲያ አልቆረጥኩም ብዬ የምመሰክረው ለማን ነው? አየሩን ያሞቁትን ሰዎች ማሳ ማን ይለካዋል?»

መልስ አጣሁ። እናንተም እንደምታውቁት ቡና የሚያብበው ደረቁ ወራት አልፎ የበልግ ዝናብ ሲመታው ነው። ባለፈው የካቲት ሦስት ቀን ዘነበ፣ ማሳው ነጭ ሆነ፣ ሽታው እስከ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። እናቴ ሸማዋን እንደለበሰች ወጥታ አላህን አመሰገነች። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ጠብ አላለም። አበባው ጠቁሮ ረገፈ። ሁለተኛ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ትንሽ አበበ። ስለዚህ ዘንድሮ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ደርቆ የተንጠለጠለም አለ። አንድ ጊዜ ይለቀም የነበረው አራት ጊዜ ተመላለስንበት፤ የለቃሚ ዋጋ ደግሞ በየዙሩ ይከፈላል። አባቴ ይህን ሁሉ ከኪሱ ከፍሎ ነው ምስክርነት የተጠየቀው።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። እኛ በዚህ ጥፋት ውስጥ ድርሻችን ስንት ነው? ፍትሕ የሚባለው ነገር ለአንድ የጎማ ገበሬ ምን ሆኖ ይደርሰዋል? የምታውቁትን ጻፉልኝ፤ የምትሉትን ለአባቴ አነብለታለሁ።

አዌቱ ዳር — ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እህቴ፣ የአባትሽ ጥያቄ ልቤን ነካው። እኛ ከተማ ውስጥ ያለነው ደግሞ ከሌላው ጫፍ ነው የሚያገኘን። ቤቴ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ዝናቡ በልግ ላይ ይጠፋና ክረምት ላይ የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ቦዩ በላስቲክ ስለተደፈነ ውኃው ግቢያችን ይገባል። የላስቲኩ ጥፋት የእኛው ነው፣ አልክድም።

ኪቶ — ታኅሣሥ 18፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል

ሰላም እህቴ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ትምህርቴም ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ ድርሻው የማውቀውን ልጻፍ።

ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። የዓለም አየር አንድ ጣሪያ ያለው ጎጆ ነው። እዚያ ጎጆ ውስጥ አንዱ ሰው ከ200 ዓመት በላይ እርጥብ እንጨት ሲማግድ ኖሯል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ምድጃ ጢስ በመስኮት ወጥቶ አያልቅም፤ ጥቂት የማይባለው ለመቶዎች ዓመታት አየር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማን እያነደደ ነው ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ እስከ ዛሬ ማን ስንት አነደደ የሚለው ነው ትልቁ ሒሳብ። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ እስካሁን ከተለቀቀው ውስጥ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ብቻ ነው። አውሮፓ ከእንግሊዝ ጋር ተደምሮ ከአንድ አምስተኛ ትንሽ ያልፋል። አፍሪካ ሙሉዋ፣ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን፣ 3 በመቶ አካባቢ ናት።

በነፍስ ወከፍ ሲሆን ደግሞ አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ይለቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚለቀው ከቶን አንድ አምስተኛ አይደርስም። አባትሽ ከዚህም በታች ይመስሉኛል፤ መኪና የላቸውም፣ ጥላ ዛፋቸው ደግሞ ካርቦን ይዞ ቆሟል።

ሙቀቱ በአገራችንም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። የዓለም አማካይም በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሙሉ ዓመት ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ ጨምሮ ተመዝግቧል። በ2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አገሮች እንዳናልፈው እንጣር ያሉት ቁጥር ይኸው ነው።

እውነቱን እንነጋገር — ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ኪቶ፣ ቁጥሮችህን አከብራለሁ። ግን ይህ ንግግር ወደ «እኛ ንጹሕ ነን» እንዳይወስደን እፈራለሁ። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አይታችኋል? ያንን ከሰል አሜሪካ አላከሰለችውም። ልጅ እያለሁ ዝንጀሮ የምናባርርበት ጫካ ዛሬ ባህር ዛፍና ጫት ነው። ኢትዮጵያ የምትለቀው በካይ ጋዝ በብዛት ከከብትና ከደን ምንጣሮ የሚመጣ መሆኑን መንግሥት ራሱ በሰነዱ ጽፎታል። ጫካ ሲመነጠር የአካባቢው እርጥበት ይቀንሳል፣ ምንጩ ይደርቃል። ይሄ ጉዳት ከውጭ አልመጣብንም።

የአባትሽን ክብር ለመንካት አይደለም። የእሳቸው ጎረቤት ዛፉን ቆርጦ ጫት ተክሎ ከሆነ ግን ያ ሰው መጠየቅ የለበትም?

ኪቶ — ታኅሣሥ 19፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

መጠየቅማ አለበት። ነገር ግን ሁለቱ ጥፋቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም። ዛፍ ቆርጦ ጫት የተከለው ሰው ልጁን ለማስተማር ገንዘብ ሲፈልግ ነው። ሌላው የሚለቀው ለሁለተኛ መኪናውና ለዕረፍት አውሮፕላኑ ነው። አንዱ የሚለቀው ለመኖር፣ ሌላው ለምቾት። ሕግ እንኳ ቢሆን ይህን ይለያል።

ቡና ቀማሽ — ታኅሣሥ 19፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

የጎማዋ፣ እኔ በቡና ላኪ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ነጥቡ ነገር ብዙ የተሳሳተ ወሬ ስላለ ሕጉን ላስረዳ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ደንብ አወጣ። ቡና፣ ካካዋ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ የጎማ ዛፍ ላስቲክ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ውጤቶች ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ከተጨፈጨፈ ደን የመጡ ከሆነ አውሮፓ ውስጥ መሸጥ ይከለከላሉ። ለዚህም እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ዙሪያው ይሳላል። መጀመሪያ በ2024 መጨረሻ ሊጀምር ነበር፣ አንድ ዓመት ተራዘመ፣ አሁን ደግሞ ወደ 2026 መጨረሻ ተገፍቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በሕጉ ፊት ተጠያቂው አውሮፓ ውስጥ ያለው አስመጪ ነው። አባትሽ በዚህ ሕግ አይከሰሱም፣ አይቀጡም። ችግሩ ያለው ወጪው ላይ ነው። አስመጪው ማስረጃውን ከላኪው ይጠይቃል፣ ላኪው ከማኅበሩ ወይም ከአቅራቢው ይጠይቃል፣ በመጨረሻ በጀንፈል (ከነቅርፊቱ በደረቀ ቡና) ዋጋ ላይ ተቀንሶ ገበሬው ላይ ያርፋል። ብራዚል ያለ ትልቅ እርሻ አንድ ካርታ አውጥቶ ጨረሰ። እኛ ጋ ያንኑ ያህል ቡና ለመላክ የብዙ መቶ ገበሬ ነጥብ መሰብሰብ አለብን። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፣ ሸክሙ ግን በጣም ይለያያል። እኔ ፍትሕ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ደግሞ ሰዎች «ዛፍ ያለበት ቡና ደን ነው ብለው ይከለክሉናል» እያሉ ጥላ ለመቁረጥ ሲያስቡ ሰምቻለሁ። እባካችሁ እንዳታደርጉት! ሕጉ የሚከለክለው ደን መንጥሮ እርሻ ማድረግን ነው። ከጥላ ዛፍ ሥር የቆየ ቡና ከማንም በተሻለ ይህን ሕግ ያልፋል። ዛፉን ብትቆርጡ ነው በሳተላይት የሚታይባችሁ።

አዌቱ ዳር — ታኅሣሥ 19፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ቡና ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለት ሰዎች በተቃራኒው ነበር የሰሙት።

ጡረተኛው — ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ለረጅም ዓመታት በዚህ ዞን የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበርኩ። ሊሙም ጌራም ማናም ሠርቻለሁ። ስለ ቡናው ልናገር።

ቡና ሙቀት ሲበዛበት ፍሬው ቶሎ ይበስላል። ቶሎ የበሰለ ፍሬ ደግሞ አይሞላም፣ ጣዕሙም ይሳሳል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ብሏል። ይኸው ጥናት ግን ቡናው ወደ ከፍታ ቢወጣና ደኑ ቢጠበቅ የሚመቸው መሬት አሁን ካለውም ሊበልጥ እንደሚችል አሳይቷል። ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ይሰማና ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለተኛውን የሚነግረው የለም።

አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ሲቢዲ የምንለው ነው። ፍሬው በአረንጓዴው ጠቁሮ ይበሰብሳል። ገበሬ ማሳው ውስጥ ገብቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያን ጊዜ እዚህ መልኮ ያለው የምርምር ጣቢያ ሰዎች ምን አደረጉ? ወደ ጫካ ወጡ። በኢሉባቦርና በከፋ ደን ውስጥ በሽታው ያልነካቸውን እናት ዛፎች አንድ በአንድ እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ ማሳችሁ ላይ ያለው 74110 እና 74112 የሚባለው የቡና ዘር ከዚያ የመጣ ነው። የፊተኛዋ 74 የተመረጡበትን 1974ን ትናገራለች። ስለዚህ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ዛሬ ከሰል ከሚሆነው ጫካ ነው። የነገው ሙቀትና ድርቅ የማይበግረው ቡናም ካለ፣ ያለው እዚያው ነው።

የጎማዋ፣ አባትሽ ማሳቸው ላይ ያቆዩት ሳሳ ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፣ ጥላው ቀትር ላይ ቡናውን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበት ያቆያል። ይህን ሁሉ ያለ ደመወዝ ነው የሚሠሩት። ፍትሕ ምን ሆኖ ይደርሳቸዋል ብለሻል። እኔ እንደማስበው ለዚህ ሥራ ዋጋ ሆኖ ይድረሳቸው። አሁን ገበያው ጥላ ለሌለው ቡናና ጥላ ላለው ቡና አንድ ዋጋ ነው የሚሰጠው።

የሰጠማ ሰው — ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጋሼ ጡረተኛው፣ አክብሬ ነው የምናገረው። «ቡናው ወደ ከፍታ ቢወጣ» የምትሉት ከፍታ የእኛ መሬት ነው። እኛ እዚህ ገብስ፣ ባቄላና እንሰት ነው የምናመርተው። ባለፉት ዓመታት ከቆላው መጥተው መሬት በኮንትራት የሚጠይቁ ሰዎች በዝተዋል። ካርታ ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ሰው አለበት። ቀሪው ደግሞ ደን ነው፤ ደኑ ላይ ቡና እንትከል ካልን ያው ምንጣሮ ሆነ።

ደግሞም ያ ያሉት ሲቢዲ ብርድና እርጥበት ይወዳል። አጎቴ ከአምስት ዓመት በፊት የአገሩን ቡና ተክሎ ግማሹ ፍሬ በአረንጓዴው ጠቁሮበታል።

ጡረተኛው — ታኅሣሥ 20፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ልጄ፣ ልክ ነህ። ይህን መጨመር ነበረብኝ። ደጋ የሚተከል ሰው የአገር ዘር ሳይሆን በሽታውን የሚችለውን ዘር መያዝ አለበት። የመሬቱን ነገር ግን ዘር አይፈታውም፤ እሱን ተነጋግሮ ነው።

ከአሰንዳቦ — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ሴት ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ልቀት ስታወሩ ምድጃውን ረሳችሁት።

የግልገል ጊቤ ግድብ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት ነበር የተባለው። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፣ አሁን ደግሞ ሕዳሴም ተመርቋል። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃና ከነፋስ ነው፤ ይህ ሊያኮራን ይገባል። ግን የእናቴ ቤት ከኃይል መስመሩ ምሰሶ ሥር ሆኖ እስካሁን በኩራዝ ነው። እንጀራ የምትጋግረው በእንጨት ነው። ዓይኗ ቀልቷል፣ ታስላለች። እንጨቱን የምትሸከመው ደግሞ እህቴ ናት፤ በየዓመቱ የምትሄድበት ይርቃል። ውኃው የተኛበት የእርሻ መሬት የእኛ ነበር። ብዙ ጊዜ አመለከትን፣ «በዕቅድ ውስጥ ነው» ይሉናል።

ስለዚህ ከሰል ሻጩን የሚወቅስ ወንድሜ፣ ከሰሉን የሚገዛው የከተማ ሰው ኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ ቢኖረው ገበያው ይሞት እንደነበር አስብ። እናቴ ጋ ደግሞ ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ገብቶ የእንጨቱ ፍጆታ ግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ጢሱም ቀንሷል። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን እህቴ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የምትወጣው፤ ትምህርት ቤትም አትቀርም።

እውነቱን እንነጋገር — ታኅሣሥ 20፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከአሰንዳቦ፣ እህቴ፣ ገብቶኛል። ከሰል ሻጩን ብቻ ማየቴ ስህተት ነበር። አላህ ለእናትሽ ጤና ይስጥልኝ።

ኪቶ — ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ፍትሕ ሲባል በየዓመቱ በሚካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የሚነሳው እሱ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ሀብታም አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለደሃ አገሮች እናሰባስባለን አሉ። ያን ጊዜ የአፍሪካ ተደራዳሪዎችን ይመሩ የነበሩት መለስ ዜናዊ ናቸው። ቃሉ የተሞላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ በ2022 ነው። ከመንግሥታት ከመጣው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ብድር ነው። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። ቤታችሁን ያቃጠለው ሰው ማደሻውን ሊያበድራችሁ መጣ እንደማለት ነው፤ ከነወለዱ። በ2024 ባኩ ላይ አዲሱ ቃል በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። ታዳጊ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር።

ሌላው «ጉዳትና ኪሳራ» የሚባለው ፈንድ ነው። መላመድ የማይቻለውን ነገር ለመካስ ነው፤ የሞተ ከብት፣ የፈረሰ ቤት። ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ የቀረባት ቦረና ምን ልትላመድ ትችላለች? የዚያን ድርቅ ሁኔታ ያጠኑ ሳይንቲስቶች የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ቢያንስ በመቶ እጥፍ የመከሰት ዕድሉን እንደጨመረው በ2023 አስታውቀዋል። ፈንዱ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተፈቀደ፣ በ2023 ዱባይ ላይ ተቋቋመ። ሲቋቋም ቃል የተገባለት 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለዓለም ሁሉ ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝን ደግሞ ልንገራችሁ። በ2019 በፓስፊክ ደሴቶች ያሉ የሕግ ተማሪዎች፣ እንደ እኔ ያሉ ተማሪዎች፣ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይሂድ ብለው ዘመቻ ጀመሩ። ቫኑዋቱ የምትባል ትንሽ አገር ያዘችላቸው። በጁላይ 2025 ፍርድ ቤቱ የአየር ንብረትን መጠበቅ የመንግሥታት ሕጋዊ ግዴታ ነው፣ ግዴታውን የጣሰ አገርም ካሣ ሊጠየቅ ይችላል የሚል አስተያየት ሰጠ። አስገዳጅ ፍርድ አይደለም፣ ሆኖም የአባትሽ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል ማለት ነው። በ2027 ደግሞ ጉባኤው አዲስ አበባ ነው የሚካሄደው። ከጅማ በአንድ ቀን አውቶቡስ የሚደረስበት ቦታ ላይ።

እውነቱን እንነጋገር — ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ወንድሜ፣ ገንዘቡ ቢመጣስ ማን ጋ ይደርሳል? እኔ ራሴ በአንድ የችግኝ ዘመቻ ላይ ቆሜ ተክያለሁ። ሐምሌ ላይ በሺዎች ተተከለ፣ ሪፖርት ተጻፈ። መስከረም ላይ ስሄድ ግማሹን ፍየል በልቶታል። የሚያጥርም የሚጠብቅም ሰው አልተመደበም ነበር። ቢሮውን አልጠራም፣ ግን ያየሁትን ነው የምናገረው። የውጭ ገንዘብ በዚህ መንገድ ከገባ ለጎማ ገበሬ ምንም አይሆንም።

ጡረተኛው — ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ያልከው እውነት ነው። ግን የሠራም አለ። ወላይታ ሁምቦ ሂድና እይ። ተራራው ባዶ ነበር። ችግኝ ከማፍላት ይልቅ መሬት ውስጥ የቀረውን የቆየ ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ጠበቁት፣ ከብት ከለከሉ፣ ቅርንጫፉን ገረዙ። ከ2,700 ሄክታር በላይ ደን ተመለሰ። ደኑ የያዘው ካርቦን ተለክቶ ተሸጠ፣ ገንዘቡ ለገበሬዎቹ ማኅበራት ገባ፤ ወፍጮና የእህል መጋዘን ሠሩበት። ምሥጢሩ ደኑ የማን እንደሆነ አስቀድሞ በወረቀት መታወቁ ነው።

እዚህ በለጠ ጌራም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓኖች ድጋፍ የደን ማኅበራት ተቋቁመው ነበር። ደኑን የሚጠብቀው ሕዝብ በደኑ ውስጥ ያለውን ቡና በሕጋዊ መንገድ እንዲለቅም፣ የደን ቡናውም ተረጋግጦ በተሻለ ዋጋ እንዲሸጥ ነው። ዛፍ የሚቆመው ከቆረጥከው ይልቅ ስታቆመው የሚበላ ሲገኝበት ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም የሚቆርጠው።

የጎማዋ — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኩ። ዛሬ በስልክ ለአባቴ ዋና ዋናውን አነበብኩለት፤ እናቴም አጠገቡ ሆና ሰምታለች።

መጀመሪያ ስጽፍ ተናድጄ ነበር። ነጥቡን መውሰዳቸው ራሱ ስድብ መስሎኝ ነበር። ቡና ቀማሽ ካብራራልኝ በኋላ ሐሳቤ ተቀይሯል። መለካቱ ክፋት የለውም፤ እንዲያውም አባቴ ዛፉን እንዳቆመ የሚመሰክርለት የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ወረቀቱ እሱ ጋ አለመኖሩ ነው። ነጥቡ በልጆቹ ስልክ ሄደ፣ ከዚያ የት እንደገባ አናውቅም። ነገ ሌላ ላኪ ከመጣ እንደገና ይለካል፣ ወጪው እንደገና ይቀነሳል። ከዚያ ደግሞ ጋሼ ጡረተኛው እንዳሉት ጥላው ዋጋ የሚከፈልበት ቀን ቢመጣ፣ ማስረጃው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ እንዴት ይጠይቃል? የሁምቦ ሰዎች የተጠቀሙት ደኑ በስማቸው ስለነበረ አይደል?

ስለዚህ እኔ የምፈልገው ይህ ነው። ገበሬው የማሳው መረጃ ባለቤት ይሁን፤ ኮፒው በእጁ ይሰጠው። የመለካቱን ወጪ ሕጉን ያወጣው ይክፈል። አዲስ አበባ በ2027 ሰው ሲሰበሰብ ይህን የሚናገር የጅማ ገበሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይኑር፣ በእሱ ስም የሚናገር ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ። ኪቶ፣ እናንተ ተማሪዎች እንዴት እንደሚቻል ታውቁ ይሆናል፤ እኔ ከጎናችሁ ነኝ።

አባቴ ስለ ፍርድ ቤቱ ስነግረው ሁለቴ አስደገመኝ። «ተማሪዎች ናቸው የወሰዱት?» አለ። ስለ ሁምቦ ግን ብዙ ጠየቀ። ከማሳችን በላይ ያለው ዳገት ላይ የተቆረጠ የዋንዛ ጉቶ አለ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግሮ ከብት እንዳይገባበት ሊያደርግ አስቧል። አንድ ጥያቄም አለው ለጋሼ፦ አርጅቶ ፍሬ የቀነሰውን ቡና ዘንድሮ ቢጎነድለው ይሻላል ወይስ ዝናቡ እንዲህ ሲያወላውል ይቆይ?

ጡረተኛው — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ለቀማው እንዳለቀ፣ ከየካቲት በፊት ይጎንድሉ። ሁሉንም በአንድ ዓመት አይንኩት፤ ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን ዘንድሮ፣ ሌላውን ከርሞ፣ የቀረውን ከዚያ በኋላ። ያኔ ቤተሰቡ ገቢ አያጣም። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አድርገው አቆራረጡን ዘቅዘቅ ያድርጉት፣ ውኃ እንዳይተኛበት። ሥሩን በገለባና በቅጠል ይሸፍኑት። የመጀመሪያዋ ዝናብ መጥታ ስትጠፋ እርጥበቱን የሚያቆየው እሱ ነው።

ሌላም አለኝ። አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ጣሳ ሜዳ ላይ ያስቀምጡ። በየጠዋቱ የገባውን ውኃ በማስመሪያ ለክተው በደብተር ከነቀኑ ይጻፉ። ሥራ ላይ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ደብተር የያዘ ገበሬ ሁሉ ዝናቡ እንደተቀየረ ሲናገር የሚያስተባብለው ባለሥልጣን አልነበረም።

የሰጠማ ሰው — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

ጣሳውን እኔም ነገ አስቀምጣለሁ። ከቆላውና ከደጋው አንድ ላይ ብናየው ጥሩ ነው።

ከአሰንዳቦ — ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እኔም። ደብተሩን እህቴ ትይዘዋለች።

የጎማዋ — ታኅሣሥ 23፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬ ሐሙስ አባቴ ለገበያ ጅማ መጥቶ ነበር፤ ጣሳና ማስመሪያ ገዝተን ሸኘሁት። ልጆቹ ደግሞ የቀሩትን ማሳዎች ለመለካት ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ ተብሏል። ኮፒውን ሲጠይቃቸው ምን ተጽፎ መቀበል እንዳለበት ቡና ቀማሽ ብትነግረኝ?

ቡና ቀማሽ — ታኅሣሥ 23፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ስማቸው፣ ቀበሌው፣ የማሳው ስፋት በሄክታር፣ የተለካበት ቀንና የለካው ድርጅት ስም። ከዚያ ሁለቱ ቁጥሮች፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ። በእያንዳንዱ ቁጥር ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ መኖሩን ያረጋግጡ፣ ሕጉ የሚጠይቀው እንደዚያ ነው። ቁጥሩ ካነሰ ነጥቡ የጎረቤት ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በእስክሪብቶ በደብተራቸው ቢጽፉላቸውም ይበቃል፤ ፎቶውን አንቺ ጋ አስቀምጪው።